ከብት አይቆጠርም

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ መዥገር መንቀል ነበር።

እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ የክት ልብሳችንን አውልቀን ወደ ጓሮ ወጣን። አንዲት ላም አለችን፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ስሟ ቦራ ነው። ባለቤቴ በአንድ እጁ ቀንዷን ይዞ በሌላው አንገቷን ያክላታል። እኔ ጎንበስ ብዬ ከግቷ ሥርና ከጭኖቿ መካከል መዥገሩን እየነቀልኩ ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ።

«ስንት ደረሰ?» አለኝ።

«ሠላሳ አንድ።»

«ጮክ ብለሽ ቁጠሪ እንጂ። መዥገሩም ይስማ።»

«ቢሰማ ምን ይሆናል?»

«የተቆጠረ ነገር ይጎድላላ! መዥገር ካልጎደለልን ምን ሊጎድልልን ነው?»

ሳቅኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ሦስት ላይ ስደርስ ቦራ እግሯን አነሣችና ጣሳውን ደፋችው። ላምባው ጫማው ላይ ፈሰሰ። «እንግዲህ ነገ ጫንጮ የምገባው ኩራዝ መስዬ ነው» አለ። ሰኞ ጠዋት ከብት ሊከትብ ወደ ጫንጮ ሄደ። በሳምንቱ በጭነት መኪና አሳፍረው አመጡልኝ። ሐኪሙ ተስቦ ነው አለ። በዘጠነኛው ቀን ዐረፈ።

ስለ ሞቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። መጻፍ የምፈልገው ስለ ዲግሪዬ ነው።

ዲግሪዬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። የተጻፈበት ስም የእኔ ብቻ ነው። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሥሩ ይቆምና «ግማሹ የእኔ ነው» ይል ነበር። «የፊቱን ግማሽ እሷ ትውሰድ። እኔ የለመድኩት የኋላውን ነው።» የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበርና፣ የታመመች ላም ትኩሳት በየት በኩል እንደሚለካ የሚያውቅ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ነው። ያ ግማሽ የት እንዳለ የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ስለሆንኩ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ሰበታ ነው። አባቴ ከሰሜን መጥተው በአንድ ፋብሪካ መዝገብ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ትምህርት ቤት አንደኛ በወጣሁ ቁጥር ነርስ ወይም አስተማሪ እንደምሆን ለሰፈሩ ሁሉ ነግረው ጨርሰዋል። ዩኒቨርስቲ ገብቼ የእንስሳት አያያዝና የዱር እንስሳት ጥበቃ መረጥኩ ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አውሬ ለመጠበቅ?»

«አዎ አባዬ።»

«በዲግሪ?»

«በዲግሪ።»

«እኔ የማውቀው አውሬ ሰውን መንገድ ዳር ሆኖ ሲጠብቅ ነው» አሉ። «ሰው አውሬን ይጠብቃል ሲባል ገና ዛሬ ሰማሁ።»

አልከለከሉኝም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ሲጠይቋቸው ግን «እርሻ ነገር ነው የምታጠናው» ይሉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ክፍላችን ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስገባ ወንዶቹ ብድግ ብለው እጅ እየነሡ «እመት አውሬ መጡ! ለእመት አውሬ መንገድ ልቀቁ!» ይሉኝ ነበር። የከብት መኖና እርባታ፣ የእንስሳት በሽታ፣ ከዚያም የዱር እንስሳት ኑሮና አጠባበቅ፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ተማርን። የፈተና ውጤት ሲለጠፍ ከላይ ጀምሮ የሚያነብ ሰው የእኔን ስም ለማግኘት ብዙ አይደክምም ነበር። በእነዚያ ቀናት እመት አውሬ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴን ያገኘሁት በሁለተኛው ዓመት፣ ለተግባር ትምህርት ቡራዩ በወሰዱን ጊዜ ነው። ከገፈርሳ ግድብ በታች ባለው መስክ ላይ የገበሬ ከብት እየተከተበ ነበር። እሱ ከከታቢዎቹ አንዱ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስዷል፤ ተወልዶ ያደገው ሱሉልታ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በሬ እንዴት እንደሚያዝ አሳየንና «ማን ይሞክራል?» አለ። ወንዶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ ወጣሁ። በሬው ገመዱን ሲስበው በደረቴ ወደቅሁና ጭቃው ላይ እየጎተተኝ ሄደ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ከታቢው ገመዱን ከእጄ ተቀብሎ በሬውን ካቆመው በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«አይፍረዱበት እመቤት። ዲግሪ እንዳለዎት አላወቀም።»

«ገና የለኝም» አልኩት ጭቃውን ከአፌ እየጠረግሁ።

«ለካ ይህንን አውቆ ነው!»

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ተጋባን። ሱሉልታ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ እሱ በሠራው ቤት ገባን። ከማደሪያ ወጥቼ በየቀኑ እንጦጦን በአውቶቡስ ተሻግሬ ለመማር ፈቃድ ስጠይቅ፣ የኮሌጁ ኃላፊ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተ «ያገባች ሴት ጀምራ አትጨርስም» አለኝ። «አንድ ዓመት እንይሽ። እስከ ሰኔ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ካላስረከብሽ ስምሽ ከመዝገብ ይሰረዛል።» ይህን ለባለቤቴ ነገርኩት። በማግስቱ ከጣውላ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሠርቶልኝ፣ ቤቱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት አንድ መስኮት ብቻ ስለነበረ እዚያ ሥር አደረገው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ዝይ ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውሃ የሚተኛበት ሣር አለ፤ በአገሩ ጨፌ ይሉታል። በዚያ ጨፌ ላይ ከአገራችን በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አመድማ ዝይ ይውላል። ሲቆም አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን ጀርባው ላይ ያሳርፋል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ሰማያዊ ይታያል። ገበሬዎቹ ሲምቢሮ ቢሻኒ፣ የውሃ ወፍ፣ ብቻ ብለው ይጠሩታል። ማንም አይነካውም፤ ማንም ደግሞ ከቁም ነገር አይጥፈውም። የእኔ ጥያቄ ዝይውና ከብቱ በአንድ ሣር ላይ እንዴት ይኖራሉ የሚል ነበር። ከብት ሣሩን ካላሳጠረው ዝይው አይግጥም። ከብት ሲበዛ ደግሞ ጎጆውን ይረግጠዋል። ልኩ የቱ ላይ ነው? መምህሬ የውጭ አገር ሰው፣ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሐሳቤን ወደደው። «ዝይውን መቁጠር ቀላል ነው» አለኝ። «ከብቱን ቁጠሪና አምጪልኝ። የከብቱ ቁጥር ከሌለ ጥናት የለም።»

አባቴ ቤት የማይቆጠር ነገር አልነበረም። ማንኪያው፣ እንቁላሉ፣ የበሩ ቁልፍ ሁሉ ቁጥር ነበረው። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት ደብተሬን ይዤ፣ ያለ ምንም ሥጋት ወደ ባለቤቴ አጎት ሄድኩ። በቀዬው ሁሉም ኦቦ እያለ የሚጠራቸው፣ በጨፌው ላይ ብዙ ከብት የሚያሰማሩ ሽማግሌ ናቸው። እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነበር የሚሉኝ።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ናጋ፣ ኢንታላ ኮ። ምነው በጠዋት?»

«ለትምህርቴ ነው። ከብቶችዎ ስንት ናቸው?»

«እግዜር የሰጠን ያህል ናቸው» አሉና ወደ ሌላ ጨዋታ ሄዱ። የአባቴን ጤና ጠየቁኝ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ። እኔ መስማት የተሳናቸው መሰለኝ። እንዳላስቸግራቸው ብዬ እርሳሴን አነሣሁና በከብቶቹ ላይ እየጠቆምኩ፣ እሳቸው እየሰሙኝ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ማለት ጀመርኩ።

አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ሽማግሌው ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው በእኔና በከብቶቹ መካከል ቆሙ። ልክ ንፋስ እንደሚከልል ሰው።

«ምን በደልኩሽ ልጄ?»

«ኧረ ምንም! ምን አጠፋሁ አባባ?»

«ከብት ይቆጠራል? የሰው ልጅና ከብት ይቆጠራል?»

መልስ አልጠበቁም። ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ራሱን ይዞ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። «በጣትሽ ነው በእርሳስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእርሳስ ስለው «እሱ ትንሽ ይሻላል» አለ፤ እስከ ዛሬ ለምን እንደሚሻል አላወቅሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔ በጨፌው አንድ ጫፍ ስታይ ከብቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሻገር ጀመር። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ሰላምታቸውን ያሳጥራሉ። ዝይዎቹን በሰላም እቆጥራለሁ፤ ደብተሬ ውስጥ ግን የከብቱ ዓምድ ባዶውን ቀረ። ሰኔ ገና ሩቅ ቢሆንም የኃላፊው ድምፅ በጆሮዬ ነበር። «ጀምራ አትጨርስም።»

ጥቅምት ሲገባ የባሰ መጣ። በዚያ ወቅት ጨፌው ላይ ማገጥ የሚባለው ሣር ይለመልማል። በጤዛ እንደራሰ ከብት ከጠገበው ሆዱን ነፍቶ ይገድላል። አንድ ጠዋት የአጎቱ ሚስት ከበራችን ቆመው ጮኹ። «ዳለቻ ልትሞትብን ነው! የቆጠረቻት ላም ናት! አሥራ አንደኛዋ ናት!» ሽማግሌው ለካ የት ላይ እንዳቆምኩ ልብ ብለው ነበር።

ባለቤቴ ቦርሳውን አንሥቶ «ነይ» አለኝ።

«እኔ? ያባርሩኛል እኮ!»

«እነሱ ያባርሩሽ። ላሟ አትጠላሽም።»

ስንደርስ ዳለቻ ተኝታ ታቃስታለች። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ባለቤቴ ቦርሳውን ከፍቶ ሹሉን መውጊያ አወጣና፣ ለእኔ አቀበለኝ።

«የመጽሐፍሽን የሆድ መነፋት ምዕራፍ ሦስት ጊዜ እየተረጎምሽ አንብበሽልኛል። ቦታው የት ነው?»

«ግራ ጎን፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ጎድጓዳው ላይ።»

«እንግዲያው ውጊ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ጣሉ። «አንተ ልጅ፣ ትቀልዳለህ? ቆጥራ የጣለቻትን ወግታ ትጨርሳት?»

«አባባ፣ እኔ ከወጋሁ ቀንዷን ማን ይያዝልኝ? ጉልበት ካለዎት ይምጡ!»

ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው ገለል አሉ። ቀንዷን እሱ ያዘ። ቦታውን በጣቴ ዳስሼ ወጋኋት። ከመውጊያው ቀዳዳ ጋዙ እያፏጨ ወጣ፤ ሽታው ሁላችንንም አፈናቅሎ ወደ ኋላ አስኬደን። ጎኗ ቀስ በቀስ ረገበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳለቻ በጉልበቷ ተነሣች፣ ከዚያም በአራት እግሯ ቆመች፣ ምንም እንዳልሆነባት ጅራቷን ወዘወዘች። ሽማግሌው «ገላቶሚ» ብለው አመሰገኑ። ያመሰገኑት ግን እሱን ነው።

ቅር አላለኝም። እጄን በሣር እየጠረግሁ ከኋላቸው ቆምኩ። ባለቤቴም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ጠርዙ የተበላ የሕክምና ደብተሩን አውጥቶ ጠየቀ።

«ስሟ?»

«ዳለቻ።»

«የማን ልጅ?»

«የአዲ።»

«የአዲ ሌሎቹ ልጆች እነማን ናቸው? እነሱም ማገጡን በልተው እንደሆነ ልያቸው።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተፈታ። «ዲማ አለ፣ ያ ቁጡው። ከዲማ ቀጥላ ትንሿ ጉራቲ። ከዚያ ቡሬ፣ አጥር የሚዘለው፤ ጎረቤት ሁሉ የሚረግመው...» እያሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄዱ። የእናቶቹን፣ የጥጆቹን፣ የተዳቀሉበትን ኮርማ፣ የእያንዳንዱን አመል ተረኩ። ባለቤቴ እያንዳንዱን ስም በአንድ መስመር ይጽፋል። አንድም ከብት አልቀራቸውም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው ሲናገሩ አይቻቸው አላውቅም።

ቤት እንደደረስን ደብተሩን ከእጁ ነጠቅሁት። የሦስት ዓመት ነበር። የአጎቱ ብቻ ሳይሆን በጨፌው ላይ የሚያሰማሩ ገበሬዎች ሁሉ ከብት፣ በስም በስሙ፣ የተወለደው ተጨምሮ የሞተው ተሰርዞ ተጽፏል።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ምኑን?»

«ከብቶቹ በሙሉ እዚህ እንዳሉ!»

ግራ ገብቶት ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ። «አንቺ የፈለግሽው ቁጥር ነበር» አለ። «እዚህ ውስጥ ቁጥር የለም።»

እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት ዩኒቨርስቲ ያላስተማረኝን ስምንተኛ ክፍል ከጨረሰ አንድ ሰው ተማርኩ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጨፌው ላይ ስወርድ ስንት ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «ዛሬ እዚህ እነማን ዋሉ?» እላለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ራቅ ብለው አዩኝ። ከዚያ አንዷ ሴትዮ የጥጃዋን ስም ነገረችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ የእኔ ላም ለምን ቀረች ብላ ተቆጣችኝ። ኦሮምኛዬ የተቃናው ያኔ ነው፤ የከብትን ቀለም ብቻ በስንት ዓይነት ቃል እንደሚለዩት ስሰማ አማርኛ ድሃ መሰለኝ። ዝይዎቹንም በመቁጠሬ ሳልወቀስ አልቀረሁም። ሽማግሌው አንድ ቀን ባለቤቴን «ሚስትህ ለወፎቹ ስም አላወጣችም እንዴ? እንዲሁ አንድ ሁለት እያለች ታስጨርሳቸዋለች» ማለታቸውን ሰማሁ። ቁጣቸው እንደበረደ ያወቅሁት በዚህ ነው።

ሚያዝያ ላይ ጽሑፉ አለቀ። ያኔ ነው ጭንቅ የያዘኝ። ስም እያልኩ ቁጥር መሰብሰቤን ገበሬዎቹ አያውቁም። ስሞቹን ደምሬ ብጽፍ፣ ያን ቀን በእርሳስ የጀመርኩትን በተንኮል መጨረሴ ነው።

«ንገሪያቸው» አለኝ ባለቤቴ።

«አይሆንም ቢሉስ?»

«ከብቱ የእነሱ ነው።»

«ዲግሪዬስ?»

ጫማውን ሲያስር ቆየና «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

ሽማግሌው ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሞቹ ሲደመሩ ቁጥር እንደሚሆኑ፣ ያ ቁጥር ከሌለ እንደማልመረቅ፣ እሳቸው ካልፈቀዱ ግን ጽሑፉን እንደማላስረክብ። ገመዳቸውን እየገመዱ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሞኝ መስዬሻለሁ?» አሉ። «ስም የሚጽፍ ሰው መደመር እንደሚችል ጠፍቶኝ ነው? እኔ ግን አልቆጠርኳቸውም፤ ጠራኋቸው። የጠሩት ከብት ይመጣል። የቆጠሩት ነው የሚጎድል።» ጥቂት አሰቡና «ስማቸውን ጻፊ» አሉ። «እንዲያውም በደንብ ጻፊ። ድምሩን ግን በወረቀትሽ ላይ እንዳላይ። ሌሎቹም ከእኔ የተለየ አይሉሽም።»

እውነታቸውን ነው፤ ሌሎቹም የተለየ አላሉም። ቃሌን ሰጠሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አለቀስኩ። ድምር የሌለው ጥናት ማን ይቀበላል? ባለቤቴ ግን ቆም ብሎ ጨፌውን ያይ ነበር። «ለአንቺ ዳለቻ ስትባል አንዲት ላም ናት አይደል?» አለኝ። «እንግዲያው በካርታሽ ላይ አንዲት ነጥብ አድርጊያት። የፈለገ ይቁጠር።» ሦስት ሳምንት አብረን ተቀመጥን። እሱ ከደብተሩ ስሙን እያነበበ ይጠራል፣ እኔ ያ ከብት የሚውልበት ቦታ ላይ ነጥብ አኖራለሁ። ዝይዎቹን በሰማያዊ ቀለም አደረግናቸው። ካርታው ሲያልቅ ነገሩ በዓይን የሚታይ ሆነ። ጥቁሩ ነጥብ በሳሳበት ሰማያዊ የለም፤ ጥቁሩ በተጨናነቀበትም ሰማያዊ የለም። ሰማያዊው ያለው መካከለኛው ላይ ነው። የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ አየሁት።

ጽሑፌን በግንቦት መጨረሻ በሦስት መምህራን ፊት አቀረብኩ። መምህሬ ገጹን ገለጠ፣ ደግሞ ገለጠ።

«ይህ ሁሉ ስም ነው» አለኝ። «ድምሩ የት አለ?»

«የለም።»

«ረስተሽው ነው?»

«አልረሳሁትም። ባለቤቶቹ የከብቶቻቸውን ስም የሰጡኝ ድምሩን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀው ነው። በአገሩ ከብት አይቆጠርም። ቃል ገብቻለሁ። ስሞቹ ግን በሙሉ እዚያ አሉ፤ እርስዎ ሊቆጥሩ ይችላሉ።»

ከመምህራኑ አንዱ፣ ያገሬ ሰው ነው፣ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ያዘ። መምህሬ ግን አልሳቀም። እርሳሱን አንሥቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ስሞቹን በእርሳሱ ጫፍ እየነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የመጨረሻው ገጽ ድረስ ሄደ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ያንን ኃላፊ አስብ ነበር። በመጨረሻ ወደ ካርታው ተመለሰና ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሌላ ሰው ቁጥር ብቻ ነበር የሚያመጣልኝ» አለ። «አንቺ የትኛዋ እንደሞተች፣ የትኛዋ እንደወለደች፣ እናቷ ማን እንደሆነች አምጥተሻል።» ከዚያ እርሳሱን ኪሱ ከተተው። «ቁጥሩን አውቄዋለሁ። እኔም አልጽፈውም።»

በሐምሌ ተመረቅሁ። ከጃንሆይ እጅ ዲግሪ ተቀብዬ ስወርድ እመት አውሬ ይሉኝ የነበሩት ልጆች ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። አባቴና የባለቤቴ አጎት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አባቴ እንደ ልማዳቸው ተመራቂውን በጣታቸው ሲቆጥሩ ሽማግሌው እጃቸውን ይዘው «ተው እንጂ ወዳጄ! የሰው ልጅ ነው!» ማለታቸውን ባለቤቴ እየሳቀ ነገረኝ። እሱ ከጀርባቸው ቆሞ ነበር። ያስመረቀውን ሰው የሚያይ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

በዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። በዓመቱ ሽማግሌው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ዝይው እንቁላል በሚጥልበት ወቅት የጨፌውን አንድ ጥግ ከከብት ከለከሉት። ከጽሑፌ ይልቅ ያ ጥግ ያኮራኛል። ባለቤቴም መንገደኛ ሲያልፍ በጣቱ እያሳየ «ያ የሚስቴ ዲግሪ ነው» ይል ነበር።

በልቅሶው ሰሞን ከሩቅ የመጡ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?» መልስ ለመስጠት ዓመቱን በጣቴ መቁጠር ስጀምር አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እጄን ያዙ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ሳስቷል።

«አትቁጠሪ፣ ኢንታላ ኮ። ጥሪው።»

ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ ቡራዩ ላይ ስለጎተተኝ በሬ ነገርኩት። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ዳለቻ፣ ስለ ነጥቦቹ ነገርኩት። የመጨረሻውን እሑድም ነገርኩ፤ ላምባው ጫማው ላይ ሲፈስ ያለውን ስናገር ልቅሶ ቤቱ ሳቀ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የባለቤቴን ደብተር ይዤ ወደ ጨፌው እወርዳለሁ። የተወለዱትን ጥጆች ስም እጽፋለሁ፣ የሞቱትን እሰርዛለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቦራን አሥሬ መዥገሯን እነቅላለሁ፤ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ።